ሕመም የማይሰማው እጅ፤ ስለ ሥጋ ደዌ ለቤተ ሰብ የሚጠቅም ትምህርት

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚል አባቶቻችን የተናገሩት ምሳሌ አለ። ይህ ምሳሌ በየቤቱ ይነገራል። ነገር ግን የሥጋ ደዌ ስም የተነሣ እንደ ሆነ ተናጋሪው ሁሉ ዝም ይላል፤ ምሳሌውንም ይረሳዋል። ባለጠጋው በገንዘቡ፥ ባለማዕርጉ በማዕርጉ፥ ድኻውም በዝምታው ይሸሽገዋል። በዚህ ሳምንት በቤተ ሰብ ገጻችን ስለዚሁ በሽታ ለመጻፍ ያሰብነው፥ ሊቃውንት በምርመራ ያገኙት እውነትና እኛ በየቤታችን የምናምነው ነገር እጅግ ተራርቀው ስላገኘናቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ አንድ ቤት በሐሳባችን እንመልከት። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፥ በመካኒሳ ሠፈር፥ ደኅና ኑሮ ያለው ቤተ ሰብ አለ እንበል። በቤቱም እንጀራ የምትጋግር አንዲት ወጣት አለች። ሌሎቹ ከጋለው ምጣድ እጃቸውን ሲሸሹ እርስዋ አትሸሽም፤ ጀበናውንም ከፍም ላይ ያለ ጨርቅ በባዶ እጅዋ ታወርደዋለች። እመቤቲቱም ለእንግዶቻቸው «የዚች ልጅ እጅ እሳት አይፈራም» እያሉ ያመሰግኑዋታል። በክንድዋ ላይ ከቀረው ቆዳዋ ነጣ ያለ ምልክት ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን አያሳክካትም፥ አያማትምም፤ ስለዚህ እርስዋም ሌላም ሰው አላሰበበትም። ከጥቂት ወራት በኋላ በጣትዋ ላይ የወጣው የቃጠሎ ቁስል አልድን አለ። ጎረቤትም አይቶ አንድ ቃል በሹክሹክታ ተናገረ። ያን ጊዜ ምስጋናው ወደ ፍርሃት ተለወጠ፤ ልጂቱም ደመወዝዋ ተሰጥቷት በማግሥቱ ከቤት ተሰናበተች። የቤቱ ልጅ ብትሆን ኖሮ ደግሞ በጓዳ ትሸሸግ፥ እጮኛም ቢኖራት ነገሩ ሳይሰማ እንዲቀር ይደረግ ነበር።

ይህን ቤት ለምሳሌ ያህል ብንሥለውም፥ የሚመስለው ቤት ብዙ መሆኑን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። በዚህ ቤት ማንም በክፋት ያደረገው ነገር የለም፤ ሁሉም ያደረገው ከአባቶቹ እንደ ሰማው ነው። ይሁን እንጂ የልጂቱ እጅ ሊድን በሚችልበት ጊዜ አንድም ሰው ወደ ሐኪም አልወሰዳትም። የሚያሳዝነውም መድኃኒቱ በነጻ የሚሰጥበት ሆስፒታል ከዚያ ሠፈር እጅግ የራቀ አለመሆኑ ነው።

ንፋስ ስልክ የሚባለው ሠፈር ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ በአየር ቃል ከሚያስተላልፈው የቴሌግራፍ ጣቢያ እንደ ሆነ ይታወቃል። ከዚሁ ክፍለ ከተማ ከሳር ቤት ተነሥቶ በጅማ መንገድ ወደ አየር ጤና የሚሄድ ሰው፥ የኮልፌ ቀራንዮን ድንበር እንደ ተሻገረ ዘነበ ወርቅ ከሚባለው ሠፈር ይደርሳል። ሠፈሩ ስሙን የወረሰው በ1930ዎቹ ዓመታት ለሥጋ ደዌ በሽተኞች በልዕልት ዘነበ ወርቅ ኃይለ ሥላሴ ስም ከተሠራው ሆስፒታል ነው። ከዚያ በፊት በሐረር በ1901 የካቶሊክ ሚሲዮን አባቶች ለእነዚሁ በሽተኞች መጠጊያ አቋቁመው ነበር። የዘነበ ወርቁ ሆስፒታል በ1965 አለርት የተባለው፥ ለአፍሪካ ሁሉ የሥጋ ደዌ ሐኪሞችን የሚያሠለጥንና በሽተኞችን የሚያቋቁም ድርጅት መቀመጫ ሆነ። በ1970 ደግሞ በዚሁ ግቢ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመሠረተ፤ ለመመሥረቱም የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ረድተዋል። አርማወር ሐንሰን በ1873 በኖርዌይ አገር በበርገን ከተማ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኘው ሐኪም ነው።

ከሐንሰን በፊት የአውሮፓ ሊቃውንት ብዙዎቹ ይህ በሽታ ከአባት ወደ ልጅ በዘር የሚወርድ ነው ይሉ ነበር። ሐንሰን ግን ከበሽተኛ ገላ በተወሰደ ሥጋ ውስጥ እንደ በትር የቀጠኑ ጥቃቅን ነገሮችን በማይክሮስኮፕ አይቶ፥ በሽታው የሚመጣው ከባክቴሪያ ነው ብሎ አስታወቀ። በእኛ አገር ግን ጋብቻ በታሰበ ጊዜ ሽማግሎች ዘር ሲቈጥሩ «ከዚያ ቤት ደዌ ነበረ» ተብሎ የሚፈርሰው ቃል ኪዳን ዛሬም አልቀረም። የአንድ ሰው ሰውነት ለባክቴሪያው የመሸነፍ ዝንባሌ ከሌላው የበለጠ ሊሆን እንደሚችል ሊቃውንት አይክዱም፤ ነገር ግን ባክቴሪያው ሳይገባበት በዘሩ ምክንያት ብቻ ሥጋ ደዌ የሚይዘው ሰው የለም።

ይህ ባክቴሪያ ለመርማሪዎች እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ ኖሯል። ሌሎች ባክቴሪያዎች በብርጭቆ ዕቃ በተዘጋጀ ምግብ ላይ ሲረቡ፥ ይህኛው እስከ ዛሬ ከሕያው አካል ውጭ አልረባም። ሌላው ባክቴሪያ በደቂቃ ወይም በሰዓት ሲከፈል፥ ይህኛው አንድ ጊዜ ተከፍሎ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህም ባክቴሪያው በገባበት ሰው ላይ ምልክቱ እስኪወጣ አብዛኛውን ጊዜ 5 ዓመት ያህል፥ አንዳንዴም 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቈያል። ደግሞም ቀዝቀዝ ያለ ሥፍራ ይወዳል፤ አፍንጫን፥ ጆሮን፥ እጅንና እግርን የሚያጠቃውም ስለዚህ ነው። በ1960 በአሜሪካ ሼፐርድ የተባለው ሊቅ በአይጥ መዳፍ ላይ ሊያረባው ቻለ። በ1971 ደግሞ ኪርክሃይመርና ስቶርስ የተባሉ መርማሪዎች ገላው ቀዝቀዝ ባለ አርማዲሎ በሚባል የአሜሪካ እንስሳ ላይ በሽታው እንዲይዝ አደረጉ። በእነዚህ ሁለት ሥራዎች ምክንያት ስለ ባክቴሪያው ምርመራ ማድረግና አዳዲስ መድኃኒት መፈተን ተቻለ።

አሁን ለቤተ ሰብ ዋና ወደ ሆነው ጥያቄ እንመለስ፤ ይኸውም ከበሽተኛ ጋራ አብሮ የኖረ ሰው ይያዛል ወይ የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ከፍ ያለ መልስ የተገኘው በዚሁ በዘነበ ወርቅ ግቢ ነው። በምርምር ኢንስቲትዩቱ የመጀመሪያ ዓመታት ይሠሩ ከነበሩት ከኖርዌይ ሊቃውንት አንዱ ቶሬ ጎዳል ነበሩ፤ እኒህ ሰው በኋላ ለድኾች አገሮች ሕፃናት ክትባት የሚያስገኘው ጋቪ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊ ሆነዋል። ጎዳል ነጋሲ ከተባሉ የሥራ ባልደረባቸው ጋራ ሆነው በአዲስ አበባ ከሰዎች ደም ውስጥ ነጭ ሕዋሳትን እየለዩ፥ ከሞተ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ጋራ አገናኙዋቸው። አንድ ወታደር ቀድሞ የተዋጋውን ጠላት ሲያይ ፈጥኖ እንዲነሣ፥ ቀድሞ ባክቴሪያውን የሚያውቅ ሕዋስም ባገኘው ጊዜ ይነቃል፥ መከፈልም ይጀምራል። ባክቴሪያውን የማያውቅ ሕዋስ ግን ዝም ይላል።

በ1973 በእንግሊዝ የሐኪሞች መጽሔት የታተመው የምርመራቸው ውጤት እንዲህ ነበር። ከበሽተኞች ጋራ ከአንድ ዓመት በላይ ሲገናኙ የኖሩ ጤነኞች ከግማሽ የሚበልጡት ሕዋሳቸው ባክቴሪያውን ያውቀው ነበር። ከበሽተኞች ጋራ ተገናኝተው የማያውቁ ሰዎች ሕዋስ ግን እንዲህ ያለውን ምላሽ እምብዛም አላሳየም። ይህ ማለት ባክቴሪያው ሰዎች ይገምቱት ከነበረው ይልቅ በብዙ ሰው ገላ ይገባል፤ ነገር ግን የገባበት ሰው አብዛኛው በሽተኛ ሳይሆን፥ መያዙንም እንኳ ሳያውቅ፥ የተፈጥሮ ኃይሉ ያሸንፍለታል ማለት ነው። ከመቶው ሰው ወደ 95 የሚሆነው ባክቴሪያውን በራሱ ኃይል ሊቋቋም እንደሚችል ሐኪሞች ይናገራሉ።

አንባቢዎቻችን ይህን ነገር ደግመው እንዲያስቡት እንለምናለን። አስታማሚዎቹ ቁስል አጥበዋል፥ ገላ ነክተዋል፥ ዓመት ሙሉ አብረው ውለዋል፤ ይህንንም ሁሉ አድርገው ጤነኞች ነበሩ። እንግዲህ የበሽተኛን እጅ ስለ ጨበጠ፥ በአንድ ማዕድ ስለ በላ፥ በአንድ ወንበር ስለ ተቀመጠ እያዘለሁ የሚል ፍርሃት ከምርመራው ጋራ አይስማማም። ባክቴሪያው የሚተላለፈው በአብዛኛው መድኃኒት ካልጀመረ በሽተኛ አፍንጫና አፍ በሚወጣ ጠብታ፥ ለብዙ ወራትና ዓመታት አብሮ በመኖር እንደ ሆነ ይታመናል። በሽተኛው መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ግን ባክቴሪያውን ማስተላለፉ ፈጥኖ ይቆማል። ስለዚህ ለቤት የሚያሰጋው ታክሞ በአደባባይ የሚሄደው ሳይሆን፥ ሳይታከም በጓዳ የተሸሸገው ነው። መሸሸግ ቤትን ይጠብቃል ብለን ስናደርገው፥ በሽታውን በቤት ውስጥ ዘርተን እንገኛለን።

ስለ መድኃኒቱም ጥቂት እንናገር። በ1941 ፋጄት የተባለው ሐኪም በአሜሪካ በካርቪል ሆስፒታል ፕሮሚን የተባለውን መድኃኒት ለሥጋ ደዌ በሽተኞች መስጠት ጀመረ፤ ከዚያም የዚሁ ወገን የሆነው ዳፕሶን በክኒን መልክ በዓለም ሁሉ ተሰጠ። ለብዙ ዘመን መድኃኒት ሳያገኝ ለኖረው በሽተኛ ይህ ታላቅ ደስታ ነበር። ነገር ግን ዳፕሶን ብቻውን ለብዙ ዓመታት በመሰጠቱ ባክቴሪያው ለመደው። በ1970ዎቹ ዓመታት በአለርት ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ፒርሰንና ባልደረቦቻቸው ዳፕሶን የማይገድለው ባክቴሪያ በአዲስ አበባ በሽተኞች ላይ እየበዛ መሄዱን አስረድተው ለዓለም አስጠነቀቁ። እንዲህ ያለው ማስጠንቀቂያ ከልዩ ልዩ አገር በመሰማቱ፥ የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ሪፋምፒሲን፥ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን የተባሉት መድኃኒቶች ተባብረው እንዲሰጡ ወሰነ። አንዱን ያመለጠ ባክቴሪያ በሌላው ይወድቃልና፥ ቀድሞ ዕድሜ ልክ ይወሰድ የነበረው መድኃኒት አሁን እንደ በሽታው ዓይነት በ6 ወይም በ12 ወር ይፈጸማል። ከ1995 ጀምሮም በዓለም ሁሉ በነጻ ይታደላል፤ ከ16 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰውም በዚህ ሕክምና ድኗል።

ይሁን እንጂ ባክቴሪያውን መግደልና እጅን ማዳን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። ባክቴሪያው የሚኖረው ነርቭ በሚባሉት የስሜት ሥሮች ውስጥ ነው። የሰውነት ኃይል ባክቴሪያውን ለመዋጋት በተነሣ ጊዜ፥ በአንድ ቤት ውስጥ የገባውን ሌባ ለመያዝ ቤቱን እንደሚያፈርስ ሰው፥ ነርቩንም አብሮ ይጎዳዋል። ይህ ጉዳት መድኃኒት በመውሰድ ላይ ሳለ፥ ከተፈጸመም በኋላ ሊነሣ ይችላል። ነርቩ ከሞተ እጅ ሙቀትንና ሕመምን አያውቅም፤ ጣት ይታጠፋል፤ ዓይን አልከደን ይላል። ሕዝቡ «ደዌው ጣቱን ቈረጠው» የሚለው ነገር የሚሆነውም እንዲህ ነው። ጣትን የሚያጠፋው በቀጥታ ባክቴሪያው አይደለም፤ ያልታወቀ ቃጠሎ፥ ያልታየ እሾህ፥ ያልታጠበ ቁስል እየተደጋገመ ነው እንጂ።

በአለርት ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አዲስ የተገኙ በሽተኞችን እስከ 10 ዓመት ድረስ እየተከታተለ የመረመረ ሥራ በ2000 ታትሟል። ከዚህና ከሌሎች ጥናቶች የተገኘው ትምህርት፥ የነርቭ ጉዳት ከተጀመረ ገና 6 ወር ሳይሞላ ፕሬድኒሶሎን የተባለው መድኃኒት የተሰጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስሜቱንና ኃይሉን መልሶ እንደሚያገኝ፥ የዘገየው ግን ተስፋው እያነሰ እንደሚሄድ ነው። እንግዲህ በመካኒሳው ቤት የልጂቱ እጅ በተመሰገነባቸው በእነዚያ ወራት የጠፋው ነገር ምን እንደ ሆነ አንባቢ ይፈርዳል።

ከዚሁ ጋራ የሚመሳሰል የሌላ በሽታ ታሪክ እንጨምር፤ ምክንያቱም እርሱም በስሕተት በዘር ይወርዳል ተብሎ ብዙ ጋብቻ አፍርሷል። በደጋው አገራችን በባዶ እግሩ በቀይ አፈር ላይ የሚያርስ ሰው እግሩ እንደ ዝሆን እግር ያብጣል። ይህ በሽታ ከሥጋ ደዌ ጋራ ተቀላቅሎ ይቈጠር ነበር። ኧርነስት ፕራይስ የተባሉት በኢትዮጵያ በሥጋ ደዌ ሕክምና ይሠሩ የነበሩ እንግሊዛዊ ሐኪም ግን ነገሩን ተከታትለው፥ የሚያሳብጠው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር ብናኝ በእግር ቆዳ ውስጥ መግባቱ እንደ ሆነ አስረዱ፤ ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውንም ስም ሰጡት። በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው በወላይታ ሰዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፥ ለአፈሩ የመሸነፍ ዝንባሌ በቤተ ዘመድ የሚገኝበትን የተፈጥሮ ምክንያት አገኙ። ነገር ግን ዝንባሌው ያለው ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ቢያደርግና እግሩን በሳሙና ቢታጠብ በሽታው አይነካውም። በ2018 የታተመ፥ በምሥራቅ ጎጃም በ696 በሽተኞች የተደረገ ጥናት ደግሞ፥ እግርን በማጠብ፥ በቅባት፥ በፋሻና በጫማ ብቻ ትኩሳት ያለው የእግር ሕመም እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሰው «የዘር እርግማን» ያለውን ነገር ጫማና ሳሙና ይከለክሉታል ብሎ ማን አስቦ ነበር?

ሥጋ ደዌ ጠፍቷል የሚል አንባቢ ቢኖር ተሳስቷል። ኢትዮጵያ በ1999 የበሽተኞች ቍጥር ከ10,000 ሰው ከአንድ በታች ሆኖ፥ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው ልክ ደርሳለች። ሆኖም ከዚያ ወዲህም በየዓመቱ ከ2,000 የሚበልጡ አዳዲስ በሽተኞች በአገራችን ሲገኙ ኖረዋል፤ ከእነርሱም ሕፃናት አሉባቸው። በዓለም ሁሉ በ2023 የተመዘገቡት አዳዲስ በሽተኞች 182,815 ናቸው። በሽታው እየቀነሰ በሄደ መጠን የሚያውቀው ሐኪምም እየቀነሰ ስለሚሄድ፥ የቤተ ሰብ ንቃት ከቀድሞ ይልቅ ያስፈልጋል።

ደግሞም አሁን ለቤተ ሰቡ ራሱ የሚሆን መከላከያ ተገኝቷል። በባንግላዴሽ አገር ከበሽተኞች ጋራ የሚኖሩና የሚጎራበቱ ከ21,000 የሚበልጡ ሰዎች ተመርምረው በ2008 በታተመው ሥራ፥ አንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠ ሪፋምፒሲን በሚከተሉት ሁለት ዓመታት የሚታመሙትን ሰዎች ቍጥር ከግማሽ በላይ ቀነሰ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 ይህን መከላከያ አገሮች እንዲጠቀሙበት መከረ። ነገር ግን መከላከያው ሊሰጥ የሚችለው በሽተኛው ከታወቀና ቤተ ሰቡ ከተገለጠ ብቻ ነው። የተሸሸገን ቤት የሚረዳ መድኃኒት አልተገኘም።

ስለዚህ የቤት እመቤቶችና አባወራዎች እነዚህን ነገሮች እንዲያስታውሱ እንመክራለን።

1ኛ፤ በልጅም ሆነ በሠራተኛ ገላ ላይ ከቀረው ቆዳ የነጣ ወይም የቀላ፥ የማያሳክክ ምልክት ሲታይ፥ ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ ሳለ በጥጥ ጫፍ ቀስ ብሎ ቢነኩት ይሰማው እንደ ሆነ ይጠየቅ። ካልተሰማው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

2ኛ፤ እጁ ወይም እግሩ የሚደነዝዘው፥ ሳይሰማው የሚቃጠል፥ ጫማው ከእግሩ ሲወልቅ የማያውቅ፥ ወይም ዕቃ ከጣቱ የሚያመልጠው ሰው በቸልታ አይታይ። እሳት የማይፈራ እጅ አይመስገን።

3ኛ፤ በሽታው የተገኘበት ሰው መድኃኒቱን እስኪፈጽም ከቤቱና ከሥራው አይለይ። ጋብቻውን፥ ትምህርቱንና ማዕዱን የሚያስከለክለው ነገር የለም። ጸበል የሚጠመቅም ቢሆን ክኒኑን አያቋርጥ።

4ኛ፤ ስሜት ያጣ እጅና እግር በየማታው በብርሃን ይታይ፤ በውኃ ይነከር፥ በቅባት ይለስልስ። ምጣድና ጀበና በጨርቅ ይያዝ፤ እግርም ያለ ጫማ አይሂድ።

5ኛ፤ አብረው የኖሩ ሁሉ፥ ሕፃናትም ጭምር፥ ይመርመሩ።

6ኛ፤ በንግግር ጊዜ ሰውን በበሽታው ስም መጥራት ይቅር። በየመሥሪያ ቤቱ ሹም የሆኑት አንባቢዎቻችንም የዳነን ሰው በቀድሞ ሕመሙ ምክንያት ከሥራ እንዳይከለክሉት እናሳስባለን።

አሁን ወደ መካኒሳው ቤት እንመለስና ነገሩ ሌላ ዓይነት ሆኖ ይታየን። እመቤቲቱ የልጂቱ እጅ ከጋለው ምጣድ አለመሸሹን ባዩ ጊዜ ለምስጋና አይቸኩሉ፤ ክንድዋን ወደ ብርሃን አቅርበው ይዩት፤ በጥጥም ይንኩት። በማግሥቱ በጅማ መንገድ ይዘዋት ይሂዱ፤ መንገዱ ቅርብ ነው። ልጂቱም በዓመቱ መድኃኒትዋን ፈጽማ ትድናለች፤ በዚያው ቤት እንጀራ ትጋግራለች፤ ጀበናውንም እንደ ሰው ሁሉ በጨርቅ ይዛ ታወርዳለች። ትኩስ ነገር ነክታ «እፍ» ብላ እጅዋን በሳበች ቀን፥ ለዚያ ቤት ከዚያ የሚበልጥ የምሥራች አይኖርም።